ሐዋሳ ላይ ሱቅ መዞር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘመድ ወዳጅ ሐዋሳ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀኝ ያው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በስልክ ከመድገም ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

ከተማውን አላውቀውም፤ ከየት ልጀምር?

ከገብርኤል ጀምሩ። አደባባዩ ጋ ያለውን ቤተ ክርስቲያን የማያውቅ ባጃጅ ነጂ የለም። ከዚያ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ይዛችሁ እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግራችሁ ውረዱ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ካፌና ሆቴሉ መሀል የባህል ዕቃ ሱቆች ታገኛላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አትግዙ። ዋጋ ጠይቁ፣ ዳስሱ፣ እለፉ።

ቀጥሎ ፒያሳ ነው፤ ቡቲክና ጫማ ቤት የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ይሂድ። ትልቁን ገበያ ግን ለብቻው አቆዩት፣ እሱ ራሱን የቻለ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ሦስቱንም በአንድ ቀን ካላዳረስኩ ያለች አክስቴ ሰባት ሰዓት ላይ ጫማዋን አውልቃ ካፌ ውስጥ ተዘርግታ አግኝቻታለሁ። የሐዋሳን የቀትር ፀሐይ አትናቁ።

ገበያው የሚደምቀው መቼ ነው?

ሰኞና ሐሙስ። በእነዚህ ቀናት ከገጠሩ ቅቤው፣ ቆጮው፣ ሸክላው፣ ቡናው ይገባል። ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ መድረስ ጥሩ ነው፤ ዕቃው ገና አልተመረጠም፣ ፀሐዩም አልከረረም። ቡቲኮቹ ግን ተቃራኒ ናቸው። ጠዋት ቀስ ብለው ነው የሚከፍቱት፣ የሚደምቁትም ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። ለሱቅ ብላችሁ በእነዚህ ቀናት አትምጡ። ከተማው በምዕመናን ይሞላል፣ አልጋ ይጠፋል። ለንግሡ ከመጣችሁ ደግሞ ግዢውን ከንግሡ ማግስት አድርጉት።

ሐዋሳ ላይ ብቻ የሚገኝ ነገር ምን አለ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ገዝቶ ይመለሳል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ፒያሳ ላይ ከምታዩት ልብስና ጫማ ብዙው ከመርካቶ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ነው። አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ ሰፈራችሁ ያለውን ሸሚዝ 275 ኪሎ ሜትር መጥታችሁ፣ የመጫኛ ተጨምሮበት ልትገዙት ነው። ስለዚህ እኔ የትም ሱቅ ስገባ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ስንት ነው?» አይደለም። «ማን ሠራው?» ነው። ሻጩ ሠሪውን ካወቀ፣ «እዚህ ጀርባ ነው የሚሸመነው» ወይም «ከጨንቻ ነው የሚያመጡልኝ» ካለ፣ ያኔ እቀመጣለሁ።

እዚህ የሚገባው ምን እንደሆነ ልዘርዝር። አንደኛ የሲዳማ የባህል ልብስ፤ የወንዶቹ ጎንፋ፣ ጥለቱ የሲዳማ የሆነ ቀሚስና ሸሚዝ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲቃረብ ሱቆቹ በዚህ ይጥለቀለቃሉ። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ ቀኑን የሚወስኑት ግን አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ተመልካቾች ሰማይ አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ሁለተኛ ሻፌታ። ቡርሳሜ የሚቀርብበት የሸክላ ዕቃ ነው። ሆቴል ውስጥ ቆጮው በቅቤ ታሽቶ የመጣላችሁ በእሱ ነው። ገበያ ውስጥ ከጀበናው ጎን ታገኙታላችሁ። ስትገዙ በጣታችሁ አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል።

ሦስተኛው የጎረቤቶቹ ሥራ ነው። ሐዋሳ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ከመሆኑ በፊት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፤ ከየብሔሩ የመጣ ሠራተኛ እዚህ ቤት ሠርቶ፣ ወልዶ፣ ሱቅ ከፍቶ ቀርቷል። ለዚህ ነው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን የወላይታና የጋሞ ሽመና ዱንጉዛ፣ የዶርዜን ጋቢ፣ የኮንሶን ጥለት አንድ መንገድ ላይ የምታገኙት። አርባ ምንጭና ጨንቻ ድረስ መውረድ ካልቻላችሁ ከዚህ የተሻለ ምርጫ የለም።

ከደጋው የሚመጣ የቀርከሃ ወንበርም አለ። ቆንጆ ነው፣ ግን ሚኒባስ ላይ እንዴት እንደምትጭኑት ቀድማችሁ አስቡ።

የእጅ ሥራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ገልብጡት። የተሸመነ ጥለት ከጀርባው ክሩ ሲመላለስ ይታያል፣ አንዳንዴም ተንጠልጥሎ ይቀራል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዘዝ ያለ ቀለም ብቻ ነው። ሽፎን ላይ የታተመ የሐበሻ ቀሚስ አሁን በየሱቁ ሞልቷል፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለብሳችሁ ፎቶ ልትነሱበት ከሆነ ምንም አይደለም። ብቻ የሸማኔ ዋጋ እንዳትከፍሉበት።

ቀጥሎ ጋቢ ከሆነ መሀሉን እዩት። ባህላዊው ሸማ ስፋቱ የሸማኔው ክንድ መወርወሪያውን ከጎን ወደ ጎን ሊያቀብል የሚችለውን ያህል ነው። ስለዚህ ሰፊ ጨርቅ የሚገኘው ሁለቱን ጎን ለጎን በመስፋት ነው። ያ ስፌት ጉድለት መስሏቸው «የተቀደደ ሰጠኸኝ» ብለው የተጣሉ እንግዶች አይቻለሁ። ስፌቱ የእጅ ሥራ ምልክት ነው፣ ደስ ይበላችሁ።

ሦስተኛው እሳት ነው። ከዘርፉ አንድ ክር ለምኑና ክብሪት ጫሩበት። ጥጥ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ ዐመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ክር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ትንሽ ጠንካራ እንክብል ይሠራል፣ ሽታውም ላስቲክ ነው። አንድ ቀን አንዲት ሻጭ ሳልጠይቃት ይህንን ሠርታ አሳየችኝ። ነጠላውን ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋችው፣ ማጉ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ማለቱን በጣቷ እየተከተለች «ይቺ የሰው እጅ ናት፣ ማሽን አይደክመውም» አለችኝ፤ ከዚያ ክሩን ስባ ለኮሰችው። እኔም ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ፣ ይህን ደግሞ ታውቅ ነበር መሰለኝ።

ፈትል፣ መነን፣ ሳባ ሲሉኝ ምን ማለታቸው ነው?

ፈትል በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፤ ወፈር ይላል፣ ሲታጠብ ይለሰልሳል፣ ዕድሜ አለው። መነን በፋብሪካ ክር የሚሸመን፣ እኩል የሆነና ስስ ነው፤ ለቀሚስ ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው። ሳባ የሚያብለጨልጨው ነው። ለሠርግ ያምራል፣ በቀትር ሐዋሳ ላይ ግን ያልባል። ነጠላና ጋቢ ካምታታችሁ፣ ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት።

ዝግጁ ልግዛ ወይስ ላሰፋ?

ጊዜ ካላችሁ ማሰፋት ይሻላል፣ ጊዜ ከሌላችሁ አትሞክሩት። ልብስ ሰፊዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ጨርቁን ከሸማ ሻጩ ገዝታችሁ፣ ልካችሁን ሰጥታችሁ፣ የምትወዱትን ልብስ ፎቶ በስልክ ካሳያችሁ ቁጭ ያደርጉላችኋል። ችግሩ ቀን ነው። «ሐሙስ ና» ካላችሁ፣ ቅዳሜን አስቡ። ቅዳሜ ካለ፣ ሌላ ልብስ ይኑራችሁ።

ከራሴ ልንገራችሁ። ለእህቴ መልስ ባለ ጥለት ሸሚዝ ላሰፋ ስሙን የማልጠራው ሰፊ ጋ ሄድኩ። ሐሙስ ስሄድ ክር አልቋል። ቅዳሜ መብራት ጠፍቷል። እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ለብሶ እኔን እየጠበቀ፣ ሸሚዙን ተቀብዬ ሳልለካው በባጃጅ በረርኩ። ቤት ደርሼ ስለብሰው የግራ እጄ ጥለት አንጓዬ ላይ ነው፣ የቀኙ ክርኔ ላይ። ቀኑን ሙሉ ቀኝ እጅጌዬን ጠቅልዬ ዋልኩ፣ አንዳንዱ ፋሽን መስሎት እሱም ጠቀለለ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት፦ ግማሹን ብቻ ቀብድ ክፈሉ፣ ከሚያስፈልጋችሁ ቀን አራት ቀን አስቀድማችሁ ቅጠሩ፣ እዚያው ቆማችሁ ሳትለኩት ቀሪውን አትስጡ። ሴቶች ደግሞ ገበሩን ጠይቁ። ገበር የሌለው መነን ብርሃን ፊት ሲቆሙበት ያሳያል።

ጥሩ ቡና የት፣ እንዴት ልግዛ?

የሲዳማ ቡና አገር መጥቶ የተቆላና የታሸገ ብቻ ገዝቶ መሄድ ያሳዝነኛል። የታሸገው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለስጦታ ይመቻል፣ ከረጢቱ ላይ የተቆላበት ቀን ከተጻፈ ደግሞ ጥሩ ነው። ቀን ከሌለው መደርደሪያው ላይ ስንት ወር እንደከረመ አይታወቅም። «ሲዳሞ» ተብሎ የተጻፈበትን ስታዩም ውሸት ነው ብላችሁ አትጣሉ። የድሮው የክፍለ ሀገር ስም ነው፣ ኢትዮጵያ በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት ያስመዘገበችውም በዚሁ ስም ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተስማማችውም በዚህ ጉዳይ ነበር።

እኔ ግን ጥሬውን ነው የምገዛው። ሻጯን የምጠይቃት ሁለት ነገር ነው፦ የዘንድሮ ነው የአምና? የታጠበ ነው ያልታጠበ? የታጠበው ፍሬ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ጠራ ያለ ነው፤ ሲቆላ መዓዛው ቀለል ይላል። ያልታጠበው ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የደረቀው ነው፤ መልኩ ወደ ቢጫ ቡናማ ይሄዳል፣ ጣዕሙ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላል። የአምናው ደግሞ ነጣ ይላል፣ ሽታው ጆንያ ጆንያ ነው። አዲሱ ምርት ከገና በኋላ ነው በደንብ ወደ ገበያ የሚወጣው፤ በክረምት የምትገዙት «አዲስ» ቡና አዲስ አይደለም።

እፍኝ አውጥታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ በትኑት። የተሰበረው፣ ጥቁሩ፣ የተበሳው ከአሥር አንድ ከሆነ ተዉት። ጥሩ ሻጭ ይህን ስታደርጉ አትቆጣም፣ እንዲያውም እሷ ራሷ ትለቅማለች። ገበያ ውስጥ አንዲት እናት አሉ፤ ሚዛኑ ላይ ካደረጉት በኋላ እንኳ አንድ ጥቁር ፍሬ ካዩ አውጥተው ይጥላሉ፣ በምትኩ ሁለት ይጨምራሉ። እሳቸው ጋ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የቦታውንም ስም ጠይቁ። በንሳ ካሉ ጆሯችሁ ይቁም። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው ቡና ከሲዳማ፣ ከበንሳ ነው። ገበያ ላይ በንሳ የተባለ ሁሉ በንሳ ነው ማለት ግን አይደለም።

ዋጋ መከራከር ነውር ነው?

አይደለም፣ እንደ ቦታው ነው። ቡቲክ ውስጥ «ቁርጥ ዋጋ» ተብሎ ከተለጠፈ ትንሽ ትቀንሱ እንደሆነ እንጂ ብዙ አትድከሙ። ባህል ዕቃ ሱቅ ውስጥ ግን ሁለቱም ወገን የሚጠብቀው ነገር ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ «የመጨረሻው ስንት ነው እናት?» «ለአንተ ብዬ ነው ይህንን ያልኩህ።» «እሺ፣ ሁለት ከወሰድኩስ?» ሁለት ማለት ሁልጊዜ ይሠራል። ጠዋት የመጀመሪያ ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ «መክፈቻ ነው» ብላ ትቀንስላችኋለች፣ እናንተም ሳትገዙ አትውጡባት፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ሰው ባዶ እጁን ሲወጣ ቀኑ የሚበላሽባቸው ይመስላቸዋል።

ሸክላ የሚሸጡ ሴቶችን ግን አትከራከሩ። ይህ የእኔ አቋም ነው። ያንን ዕቃ ጭቃውን ቆፍረው፣ በእጃቸው አበጅተው፣ ተኩሰው፣ በጀርባ ተሸክመው ያመጡት ናቸው፣ የምትቀንሱት ደግሞ የማኪያቶ ዋጋ ነው።

ቁርጥ ያለ ዋጋ እዚህ ያልጻፍኩት አውቄ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለወር አይቆይም።

በቴሌብር መክፈል ይቻላል?

ብዙ ሱቆች ይቀበላሉ፣ የባንክ ዝውውርም ይቀበላሉ። ለገበያና ለባጃጅ ግን ዝርዝር ብር ያዙ። ደረሰኝ የምትፈልጉ ከሆነ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ተናገሩ፤ አለበለዚያ መጨረሻ ላይ «ቫቱን ጨምሩ» ይመጣና 15 በመቶው እናንተ ላይ ያርፋል።

ሰልባጅ አለ?

አለ፣ ዘናጮቹ ሁሉ ከየት እንደሚለብሱ አይናገሩም እንጂ። ቦንዳ የሚከፈትበትን ቀን ያወቀ ሰው መጀመሪያ ይመርጣል፣ እኛ የተረፈውን። ያገለገለ ልብስ ማስገባት ክልክል መሆኑን ግን እወቁ፤ ሱቁ ዛሬ ኖሮ ነገ ቢጠፋ አይግረማችሁ።

«ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የወጣ ነው» የሚሉኝን ልመን?

በጥርጣሬ ያዙት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ለውጭ ገበያ እንዲያመርት ነው። ስለዚህ የትኛውም ሻጭ «የፓርኩ ነው» ካላችሁ ጥያቄው ቀላል ነው፦ በየት በኩል ወጣ? ደረሰኝ ካለው ጥሩ። ከሌለው ወይ ፓርኩን አያውቀውም፣ ወይ መውጣት በሌለበት በኩል ወጥቷል። ሁለቱም ለእናንተ አይሆንም። ብዙ ጊዜ እንዳየሁት ልብሱ ያው መርካቶ ያለው ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው።

ሻሸመኔ ይረክሳል ይባላል፤ እዚያ ልሂድ?

25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባሱም አይጠፋም። በጅምላ የምትገዙ ከሆነ፣ ወይም የቤት ዕቃ ከሆነ፣ አዎ ይረክሳል፤ የአምስት አቅጣጫ መንገድ የሚገናኝባት የነጋዴ ከተማ ናት። ለአንድ ነጠላ ብላችሁ ግን አትሂዱ፣ ያተረፋችሁትን ትራንስፖርት ይበላዋል። ጃማይካ ሰፈርን ማየት ከፈለጋችሁ እሱ ሌላ ነገር ነው። ራስ ተፈሪያኖቹ አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጧቸው መሬት ላይ የሰፈሩበት ነው፤ በቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ክር የተሠራ ኮፍያ ከሠሪው እጅ ታገኛላችሁ። «ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ እዚያ መልሱ ፊታችሁ ተቀምጧል።

አሮጌ መስቀል ወይም የእንጨት መቀመጫ ገዝቼ ወደ ውጭ ብወስድ?

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አዲስ የተሠራ የስጦታ ዕቃ ችግር የለውም። ነገር ግን ሻጩ «መቶ ዓመት አልፎታል» ብሎ ካሞገሰው፣ ወይ ይዋሻል፣ ወይ እውነቱን ነው። እውነቱን ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ስለሆነ ቦሌ ላይ ሻንጣችሁ ይከፈታል። አሮጌ ለማስመሰል በጭስ የሚያጠቁሩም ስላሉ፣ የሚሻለው ትኩስ ቀለም የሚሸት፣ ደረሰኝ ያለው፣ ሠሪው የታወቀ መግዛት ነው።

የእጅ ሥራ ብለው ሸጠውልኝ ቤት ስገባ የማሽን ሆነ። ምን ላድርግ?

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት አያስፈራችሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስቀየር ወይም ገንዘብን የማስመለስ መብት ይሰጣል። ያለ ደረሰኝ ግን መብቱ ወሬ ነው የሚሆነው፣ ለዚህ ነው ከላይ ደረሰኝ ደረሰኝ ያልኩት። ደረሰኙ ላይ «ልብስ» ብቻ እንዳይጽፉ፤ «የእጅ ሸማ ጋቢ» ብለው እንዲጽፉ ጠይቁ።

ልታስቀይሩ ስትሄዱ ደግሞ ሳትጮኹ ሂዱ። ጠዋት፣ ሌላ ገዢ ሱቁ ውስጥ ባለበት ሰዓት፣ ጨርቁን ገልብጣችሁ ጠረጴዛው ላይ ዘርጉትና «ይቺ የማን እጅ ናት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ ባለሱቁ ያልወደደውን ፈገግታ ፈገግ ብሎ ሌላ ጋቢ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደልኝ። መሀሉ ላይ ስፌት ነበረው።